ቃል ያልደፈረውን ሥዕል ሲናገር

በቤልቪው ስኩዌር የገበያ አዳራሽ የመዋቢያ ቅባት የሚሸጥበትን ክፍል ተዘዋውሮ ያየ ሰው፣ በማስታወቂያዎቹ ላይ ሥዕሉ ግዙፍ፣ ጽሑፉ ግን ጥቂት መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ያችን ጥቂት ጽሑፍ እንደ ሰዋስው መምህር ላነበባት ጥንቃቄዋ ያስገርማል። ቅባቱ «የፊት መጨማደድን ያጠፋል» አትልም፤ «ተጨማድዶ የመታየትን ነገር ይቀንሳል» ትላለች። ምክንያቱ ሕግ ነው። በ1938 የወጣው የአሜሪካ ሕግ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰውነትን አሠራር ይለውጣል ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ በመድኃኒትነት ይመለከተዋል። በ2012 የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ላንኮም የተባለውን ኩባንያ፣ ቅባቱ «የጂኖችን ሥራ ያነቃቃል» በማለቱ በደብዳቤ አስጠንቅቆታል።

እንግዲህ ቃል የተከለከለውን ሥዕል ይናገረዋል። በ1968 የተቋቋመው ክሊኒክ (ስሙም ያው የምናውቀው ክሊኒክ ነው!) ሻጮቹን ነጭ ጋዋን ያለብሳቸዋል። ጋዋኑ «ሐኪም ነኝ» አላለም፤ ገዢው ግን ሰምቶታል።

የከፋው ምሳሌ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ነው። በ1975 ሕንድ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ይህ ቅባት በማሸጊያው ላይ ሁለት ፊት፣ አንዱን ጠቆር ሌላውን ፈካ አድርጎ ያሳይ ነበር። በፊልም ማስታወቂያዎቹም ፊቷ የቀላላት ልጅ ሥራ ወይም ባል ታገኛለች። በ2019 ሁለቱ ፊቶች ከማሸጊያው ተነሡ፤ በ2020 ስሙ «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ተባለ። ቅላት ወጣ፣ ጸዳል ገባ። በእኔ አስተያየት ይህ የስም ለውጥ እንጂ የሐሳብ ለውጥ አይደለም። ለአርባ ዓመት ያን ሥዕል ያየ ሰው ጸዳል ሲባል ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

በ2003 የአዲስ አበባዋ ሊያ ከበደ የኤስቴ ላውደር ፊት ስትሆን፣ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። መኩራታችን ተገቢ ነበር። ነገር ግን በአደባባይ በእሷ እየኮራን በየቤታችን «ልጅቱ እንዴት ናት?» ስንባል «ቀይ ናት» ብለን እንመልሳለን፤ ያም ሙገሳ መሆኑ ነው። «ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ» የምንላትንስ? ያችን «ግን» ማንም ኩባንያ አላስተማረንም። እዚህ የተወለዱት ሴት ልጆቻችን አማርኛ አይሰሙም እንላለን እንጂ ቡና ላይ ስንጨዋወት ይሰሟታል፤ ሥዕሏን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅላ ያገኟታል።