ስለ ተመለሰው አውራና ስለ ባልንጀሮቹ

ሥራ መጀመርን የሚያስተምር ብዙ ነው፤ ሥራ መተውን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ በዕድሜዬ እንዳየሁት ግን ሲሾም ጠግቦ የበላውም ሲሻር ይቆጨዋል፤ እንዲያውም የማዕዱን ጣዕም ያውቀዋልና የእርሱ ቁጭት ይብሳል።

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ላንስ አርምስትሮንግ ስለሚባለው አሜሪካዊ የቢስክሌት ተወዳዳሪ ነው። ስለዚህ ሰው የተጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ወይ ውዳሴ ነው ወይ እርግማን። እኔ የምተቸው ከሥራው አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከተሰናበተ በኋላ ተመልሶ መምጣቱንና መመለሱ በባልንጀሮቹ ላይ ያደረሰውን ነው። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሜ የውድድሩን ጠባይ ላስረዳ። ቱር ደ ፍራንስ የተባለው የፈረንሳይ ዙር ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ታላቅ ውድድር ነው። በ2009 ዓ.ም. 21 ጉዞዎች ነበሩት፤ ርዝመቱም ከ3400 ኪሎ ሜትር በላይ ነበረ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን 9 ሰዎች ያሰልፍ ነበር። ነገሩን የማያውቅ ሰው ዘጠኙም እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የሚሮጡ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በቢስክሌት ሩጫ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። ፊት የሚቀድመው ነፋሱን በደረቱ ይሰብራል፤ ከኋላው የተጠጋው ግን ተከልሎ ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ የቀሩት ለአንዱ ይደክማሉ። ውሃ ያመላልሱለታል፤ ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል፤ ነፋሱን ይመክቱለታል። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ሰው «ዶሜስቲክ» ይሉታል፤ ይህም በእኛ ቋንቋ አሽከር ማለት ነው። አሽከርነቱ ግን የሚያሳፍር አይደለም። ጌታው ማን እንደ ሆነ ያውቃልና፥ ጌታው ሲያሸንፍ እርሱም ያሸነፈ ያህል ደስ ይለዋል።

አርምስትሮንግ በ1996 ዓ.ም. በካንሰር ታሞ ዳነ። ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ጊዜ በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ጨረሰና ተሰናበተ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ግን እመለሳለሁ አለ። የሰጠውም ምክንያት በዓለም ላይ ስለ ካንሰር ሕመም ሰዎችን ለማንቃት ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ መልካም ነው፤ በዚህ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ችግሩ የተመለሰበት ቤት ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። አስታና የተባለውን ቡድን የሚመራው በሰባቱም ዓመታት አለቃው የነበረው ቤልጂጋዊው ዮሐን ብሩኔል ነበረ። በቡድኑ ውስጥ ግን አልቤርቶ ኮንታዶር የሚባል የ25 ዓመት እስፓኛዊ ወጣት ነበረ። ይህ ወጣት በ2007 የፈረንሳይን ዙር፥ በ2008 የኢጣልያንና የእስፓኛን ዙር አሸንፎ ነበር። የአርምስትሮንግን መመለስ በሰማ ጊዜ፥ ሁለተኛ እንድሆን የምገደድ ከሆነ ቡድኑን እለቃለሁ እስከ ማለት ደረሰ፤ በኋላ ግን ቆየ።

እንግዲህ ከሁለቱ አውራው ማን ነው? የተሰጠው መልስ «መንገዱ ይወስናል» የሚል ሆነ። ከሁለቱ ብርቱ የሆነው ይታወቃል፤ ሌሎቹም እርሱን ይረዳሉ ማለት ነው። ይህ ቃል ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል፤ እኔም በጊዜው ፍትሕ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ስመረምረው የሁለቱን ጌቶች ጭንቅ በሰባቱ አገልጋዮች ትከሻ ላይ የጫነ ቃል ሆኖ አገኘዋለሁ። ጌታው መንገዱ እስኪወስን ድረስ መጠበቅ ይችላል፤ ውሃ የሚያመላልሰው ሰው ግን መጠበቅ አይችልም፤ ውሃውን ዛሬውኑ ለአንዱ መስጠት አለበትና።

ይህ ነገር ገና በ3ኛው ጉዞ ተገለጠ። ከማርሴይ ወደ ላ ግራንድ ሞት ሲጓዙ ነፋስ ከጎን መታቸውና ሰልፉ ተቆረጠ። አርምስትሮንግ ፖፖቪችና ዙበልዲያ ከተባሉ ሁለት የቡድኑ ሰዎች ጋር ከፊተኞቹ ተገኘ፤ ኮንታዶር ከኋለኞቹ ቀረ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ምን ያድርጉ? ዝም ብለው ቢከተሉ የአንዱን ዕድል ያባክናሉ፤ ፊት ወጥተው ቢጎትቱ ሌላውን የገዛ ባልንጀራቸውን ይጎዳሉ። ፊት ወጥተው ጎተቱ፤ ኮንታዶርም በዚያን ቀን 41 ሴኮንድ ተቀደመ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ልወቅሳቸው አልችልም። ታማኝ አገልጋዮች ነበሩ፤ ታማኝነታቸውን ለሁለት የከፈለው ሌላ ነው።

በማግስቱ ዘጠኙ አብረው በሚሮጡበት የቡድን ውድድር አስታና ሁሉን አሸነፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው። ኅብረቱ ግን ብዙ አልቆየም። በ7ኛው ጉዞ ወደ አንዶራ ተራራ ሲወጡ ኮንታዶር ከተመከረው ውጭ ብቻውን ተፈትልኮ 21 ሴኮንድ አተረፈ፤ አርምስትሮንግንም በጠቅላላው ውጤት በ2 ሴኮንድ ቀደመው። በ15ኛው ጉዞ ደግሞ በቨርቢየ ተራራ ላይ ሁሉን ጥሎ ቢጫውን ማሊያ ለበሰ። አርምስትሮንግም በዚያን ቀን ኮንታዶር እንደሚበልጠው በግልጥ ተናገረ፤ አገለግለዋለሁም አለ። ይህ ቃሉ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን የተነገረው በ15ኛው ጉዞ ላይ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አልነበረም።

ለኮንታዶርም እንዳላደላ እጠነቀቃለሁ። በጥርጣሬ የሚኖር ሰው ወዳጁንም ከጠላቱ መለየት ይሳነዋል። በ17ኛው ጉዞ በኮሎምቢየር ዳገት ላይ ከእርሱ ጋር የቀሩት ሁለቱ የሽሌክ ወንድማማቾችና የገዛ ቡድኑ ሰው አንድሬያስ ክሎደን ነበሩ። ኮንታዶር ፍጥነት ጨምሮ ቢነሣ ሽሌኮቹ ተከተሉት፤ ወደ ኋላ የቀረው ክሎደን ብቻ ነው። በዚያን ቀን ጧት በአራተኛ ደረጃ ላይ የነበረው ክሎደን ፓሪስ ሲደርስ ስድስተኛ ሆነ። ኮንታዶር አንደኛ፥ አርምስትሮንግ ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ። በአንድ ሰገነት ላይ ቆሙ፤ ወዲያው ግን በጋዜጣ ላይ ይነቃቀፉ ጀመር። በ2010 አርምስትሮንግ ራዲዮሻክ የሚባል አዲስ ቡድን ሲያቆም ብሩኔልና ክሎደን፥ ፖፖቪችና ዙበልዲያ ተከትለውት ሄዱ።

በዚህ ታሪክ የምፈርደው ከሩቅ ሆኜ ብቻ እንዳልሆነ ልናዘዝ። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት አድጌ፥ መምህር ሆኜ፥ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በወጣሁ በዓመቱ፥ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ሲዘጋጁ እንድረዳ ተጠራሁ። ጠሪው ነገሩን ሳይጨርስ እሺ አልሁ። በቦታዬ የተተካ ትጉህ ወጣት መምህር ነበረ። ማን አለቃ፥ ማን ረዳት እንደሚሆን አልተነገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ አለመጠየቄም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጆቹ እርሱ ያረመውን ደብተር ወደ እኔ ያመጣሉ፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ እንደገና አርምላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከእኛ ጋር የምታስተምር አንዲት መምህርት ሁለት የፈተና ወረቀቶች ይዛ መጣችና፥ «ጋሼ፥ የማንን ላባዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፥ «የተሻለውን» ብዬ መለስሁላት።

እነሆ፥ መንገዱ ይወስናል ማለት ይህ ነው። ምን ታድርግ? የአባቷ እኩያ በፊቷ ቆሟል። የእኔን አባዛች፤ ከዚያ በኋላ ግን ከወጣቱ መምህር ጋር እንደ ቀድሞው አልተነጋገሩም። እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ልጆቹ ፈተናቸውን በደኅና አለፉ፤ ስለዚህ ማንም አልወቀሰኝም። ከሁለቱም ይቅርታ የጠየቅሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው።

ወደ አርምስትሮንግ ልመለስ። በየካቲት 2011 ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተ። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ የፀረ-አበረታች መድኃኒት ድርጅት ምርመራውን ሲያወጣ፥ በእርሱ ላይ ከመሰከሩት መካከል 11 የቀድሞ የቡድን ባልንጀሮቹ ነበሩ፤ ከነዚህም አንዱ በ2009 አብሮት የሮጠው ሌቪ ላይፕሃይመር ነው። ሰባቱም ድሎቹ፥ የ2009 ሦስተኛነቱም ተሰረዙ። ኮንታዶርም ቢሆን በአበረታች መድኃኒት ምክንያት የ2010 ድሉን ተነጥቋል። አርምስትሮንግ በጥር 2013 ጥፋቱን በቴሌቪዥን ሲያምን፥ በተመለሰባቸው ዓመታት መድኃኒት አልወሰድሁም ብሏል፤ በመመለሱ ግን እንደሚጸጸትና ባይመለስ ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ እንደማይቀመጥ ተናግሯል።

ይህን ጸጸቱን ባነበብሁ ጊዜ አንድ ነገር ጎደለብኝ። የተጸጸተው መመለሱ እርሱን ስለ ጣለው ነው። እኔ ግን ማንም ባይመሰክርበት፥ ድሉም ባይሰረዝ ኖሮ፥ የ2009 መመለሱ በራሱ ጉድለት ነበረበት እላለሁ። ጉድለቱም መመለሱ ሳይሆን ቦታውን ሳይናገር መመለሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባልንጀሮቹን ሰብስቦ፥ «ይህ ልጅ አውራችሁ ነው፤ እኔም እንደ እናንተ ውሃ አመላልስለታለሁ» ቢል ኖሮ ፖፖቪችና ዙበልዲያ በዚያ ነፋስ ውስጥ ባልተጨነቁ ነበር። ወይም ደግሞ፥ «አውራ ሆኜ ነው የምመጣው» ቢል ኮንታዶር በጊዜ ሌላ ቤት ይፈልግ ነበር። ሁለቱም የሰው መንገድ ነው። ዝም ብሎ መጥቶ ሌላው እንዲገምት ማድረግ ግን የሰውን ታማኝነት መዝረፍ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተ ዛሬ ስለ መሰናበት አታስቡም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ከሁለት አለቆች መካከል የምትቆሙበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ «የማንን ላባዛ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «የተሻለውን» የሚል መልስ ቢሰጣችሁም እንደገና ጠይቁ። ያቺ መምህርት ሁለተኛ ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እመልስላት እንደ ነበር አላውቅም፤ ግን ሳላፍር እመልስላት ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።