አጃቢ ወይስ ደራሲ፦ ስለ ዋልያስ ባንድ ረጅም ዕድሜ

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ዘፈን እስከ ዛሬ የተጻፈው ሒስ በአመዛኙ የዘፋኞች ታሪክ ነው። ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ዓለማየሁ እሸቴን እናነሣለን፤ ስለ ድምፃቸው፣ ስለ ዘፈኖቻቸው፣ ስለ ሕይወታቸው እንጽፋለን። ከኋላቸው ስለ ቆመው ቡድን ግን «በእገሌ ባንድ አጃቢነት» ከምትለው ሐረግ አልፈን የምንሄደው ከስንት አንዴ ነው። «አጃቢ» የሚለው ቃል ራሱ ፍርድ አለበት። አጃቢ ጌታውን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ጌታው ሲያልፍ እሱም አብሮ ያልፋል። የዋልያስ ባንድ ታሪክ ይህን ፍርድ እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የዝና ክፍፍል ብቻ አይደለም። አንድ የሙዚቃ ቡድን ዘመን የሚሻገረው በምንድን ነው? በስሙ? በአባላቱ አለመለያየት? ወይስ አባላቱ አብረው በፈጠሩት ስልት? ለጥያቄው ማነጻጸሪያ ይሆነን ዘንድ፣ እዚህ ለንደን ውስጥ በየመዝሙር ሱቁና በየራዲዮው ስማቸው የማይጠፋውን የዲትሮይቶቹን ፎር ቶፕስ እንውሰድ። አራቱ ሰዎች በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወጣትነት ተገናኝተው፣ ሎረንስ ፔይተን በ1997 እስኪሞት ድረስ አንድም ሰው ሳይለወጥባቸው ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ዘፍነዋል። መሪ ድምፁ ሌቪ ስተብስ ነበር፤ ሦስቱ ይቀበሉታል። ስተብስ ግን ስሙ ከቡድኑ ስም ቀድሞ እንዲጻፍ አልፈቀደም። በዚያው ኩባንያ፣ በሞታውን፣ የነበሩት ሱፕሪምስ በ1967 «ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ» ተብለው መሪያቸው ብዙም ሳትቆይ ለብቻዋ መውጣቷን ስናስብ፣ የስተብስ አቋም የቀላል ትሕትና ጉዳይ እንዳልነበረ እንረዳለን። ስተብስ በ2008፣ የመጨረሻው መሥራች አብዱል ፋኪር በ2024 ዐረፉ። ስሙ ግን በሌሎች ዘፋኞች ጉሮሮ ቀጥሏል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የድምፃውያን ቡድን ሥር አልሰደደም። ይህ የተሰጥዖ ማነስ አይደለም፤ አውራጅና ተቀባይ የዘፈናችን መሠረት ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም መዘምራን በቀኝና በግራ ሆነው ይቀባበላሉ። ነገር ግን በዓለማዊው ዘፈን የአዝማሪው፣ የፎካሪውና የአቅራሪው ስም እየገነነ፣ ተቀባዩ ስም አልባ ሆኖ ቀረ። የዘመናዊው ኦርኬስትራ አመሠራረትም ይህን አጠናከረው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ንብረት ነበሩ፤ ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያው የመዝገብ ዕቃ ነበር። የግል ክበቦች ሲስፋፉም በመሣሪያው ላይ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ነበር። ባለቤቱ ሲያሰናብት ባንዱ ይበተናል።

የዋልያስ አባላት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሰባሰቡ ያደረጉት ወሳኝ ነገር መሣሪያቸውን የራሳቸው ማድረጋቸው ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖና በቅንብር፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ በከበሮ የሠሩበት ይህ ቡድን፣ የሚሠራበትን ቦታ መለወጥ ሲፈልግ ራሱን ይዞ መሄድ ይችል ነበር። በአዲስ አበባ ሂልተን ለብዙ ዓመታት በቋሚነት መጫወቱ የዚህ ነጻነት ፍሬ ነው። በየሌሊቱ አብሮ የሚጫወት ቡድን፣ ለአንድ ቀን ቀረጻ የተሰበሰበ ቡድን ሊያገኘው የማይችለውን አንድነት ያገኛል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው የት እንደሚገባ ያውቃል።

የዚህ አንድነት ምስክር በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘ የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። በሸክላው ውስጥ ዘፋኝ የለም፤ ዘፈን ግን አለ። የኃይሉ ኦርጋን የሚጫወተው እንደ ፒያኖ ተማሪ ሳይሆን እንደ ድምፃዊ ነው፤ ዜማውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከማረፊያው በፊት ያዘገየዋል። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ደግሞ እንደ ተቀባይ ባንድነት ይመልሱለታል። «ሙዚቃዊ ስልት» በተባለው የግርማ በየነ ድርሰት ላይ ይህ ግንኙነት ተገልብጧል፤ ተቀባዮቹ አውራጅ ይሆናሉ። አጭሯ የሳክስፎንና የትራምፔት ሐረግ ትመራለች፤ ቤዙና ከበሮው የአሜሪካን ፈንክ ያስታውሳሉ፤ የዜማው ጠባይ ግን የአገር ቤት ነው። ፎር ቶፕስ በአራት ጉሮሮ የሠሩትን ዋልያስ በመሣሪያ ሠርተውታል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ዓመተ ምሕረቱም ሊጤን ይገባል። የሙዚቃችንን «ወርቃማ ዘመን» በ1974 የመዝጋት ልማድ አለን። «ቼ በለው» ግን የቀይ ሽብር ዓመት ሥራ ነው። በሰዓት እላፊ ምክንያት ወደ ሆቴሉ የገባ ሰው እስኪነጋ ሊወጣ አይችልም ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ግጥም በሳንሱር ጠረጴዛ ላይ በሚመረመርበት ጊዜ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ለመርማሪ የሚመች ማስረጃ አይሰጥም። ይህን ስል ሙዚቀኞቹን ስውር ዐርበኞች ማድረጌ አይደለም፤ የሂልተን አዳራሽ የአብዮተኞች ጉባኤ አልነበረም። የምለው፣ ሞት በመንገድ ላይ በተዘረጋበት ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ የጠራ የጋራ ሥራ መሠራቱ፣ ዘመኑን በመንግሥታት መውደቂያ ቀን ብቻ መከፋፈል እንደማይበቃ ያሳያል።

በ1981 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ሲቀሩ ሌሎቹ ተመለሱ፤ ዋልያስ የቀድሞው ዋልያስ መሆኑ አበቃ። የቀሩት ዙላ ባንድን አቋቋሙ። ኃይሉ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ለብቻው ሠራ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። በዚያ ዝምታ ጊዜ ስልቱ ያለ ባለቤቶቹ ይዞር ነበር። በ1998 ዳክታሪስ የተባሉ፣ ራሳቸውን እንደ አፍሪካ ባንድ ያቀረቡ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች «ሙዚቃዊ ስልት»ን ቀረጹት። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሙዚቃችንን ለዓለም ሲያሰማ፣ በ2008 በዚሁ በለንደን በባርቢካን አዳራሽ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ጌታቸው መኩሪያና ሙላቱ አስታጥቄ ቀረቡ። ከኋላቸው የቆመው ግን የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ነበር። ግርማ በየነም በ2017 ወደ ቀረጻ የተመለሰው አካሌ ውቤ ከተባለ የፓሪስ ባንድ ጋር ነው።

እነዚህ የውጭ ባንዶች ሥራቸውን በፍቅርና በጥናት እንደሠሩ መመስከር ተገቢ ነው። ነገር ግን ዘፋኙ ከአገሩ፣ ባንዱ ከሌላ አገር ሊመጣ መቻሉ፣ ስልቱ በጆሮ ሊጠና የሚችል ቋሚ ድርሰት እንደነበር ያረጋግጣል። የቦስተንና የፓሪስ ሙዚቀኞች ሸክላውን እየደጋገሙ የሰሙት የዘፋኙን ድምፅ ለመቅዳት አልነበረም፤ አጃቢ ያልነውን ለመማር ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ዋልያስን ያስታወሰን የውጭ አሳታሚ እንጂ የራሱ ጽናት አይደለም የሚል። እውነት ነው፣ «ሸሞንሟናዬ» በ2013፣ «ቼ በለው» በ2014 በአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ወጥተዋል፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን አሳትሟል። ሆኖም አሳታሚው ያገኘው የሞተ ነገር አልነበረም፤ ካሴቱ በየኢትዮጵያዊው ቤት፣ በስደትም በአገርም፣ ሲሰማ ኖሯል። «ተገኘ» የሚለው ቃል ለፈላጊው እንጂ ለባለቤቱ አይሠራም። ደግሞም በዲትሮይትም ቢሆን ፎር ቶፕስን ያጀቡት ፈንክ ብራዘርስ በሰፊው የታወቁት በ2002 በተሠራላቸው ፊልም ነው። በደሉ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ማረሙ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ማረሚያውም ከስም ይጀምራል። በ2004 በኢትዮጵያ የታወጀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ሕግ የከዋኙን መብት ያውቃል፤ ማን ምን እንደ ተጫወተ ካልተመዘገበ ግን መብቱ የሚከፈለው ሰው አይገኝም። ስለዚህ ለጥናት የሚቀመጡ ወጣቶች ከዘፋኙ ሕይወት አስቀድመው ሸክላውን በእጃቸው ይያዙ፤ ኦርጋኑን፣ ቤዙን፣ ከበሮውን ማን እንደ ተጫወተ፣ ቅንብሩን ማን እንደ ጻፈ ከሚያስታውሱት ሰዎች አፍ ይጠይቁ። ከአባላቱ ገና በሕይወት ያሉ አሉ፤ ምስክርነታቸውን ለመቀበል ያለን ጊዜ ግን ረጅም አይደለም።