ወሰን በወረቀትና ወሰን በምድር፤ ስለ ቦታ ከፋፋይ ስሌት መጻሕፍት የቀረበ ሒስ

በምሕንድስና ሒሳብ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ከያዙት ዘዴዎች አንዱ «ዶሜይን ዲኮምፖዚሽን» የሚባለው ነው። ይኸውም አንድ ሰፊ ቦታ፥ ለምሳሌ የተራራ ዳገት ወይም የድልድይ አካል፥ ባንድ ጊዜ ለማስላት የማይመች ሲሆን፥ በትንንሽ ክፍሎች ቆራርጦ እያንዳንዱን ለብቻው ማስላት፥ ክፍሎቹም በወሰናቸው ላይ እስኪስማሙ ድረስ መልሳቸውን እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴውን ለማወደስ ሳይሆን፥ የሚያስተምሩት መጻሕፍት ስለ ወሰን የሚሰጡት ትምህርት ለእንደ ደሴ ዙሪያ ያለ ምድር ይበቃ እንደ ሆነ ለመመርመር ነው።

ኀሳቡን የወለደው ኮምፒዩተር አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሔርማን ሽዋርትስ ክብና አራት ማዕዘን ተደራርበው የሚሠሩትን ቅርጽ ወስዶ፥ አንዱን ሲፈታ የሌላውን መልስ በወሰኑ ላይ እየተዋሰ፥ እኩልታው በእርግጥ መልስ እንዳለው አረጋገጠ። በ1963 ፕርዜምዬኔትስኪ የአውሮፕላንን አካል በየክፍሉ ከፋፍሎ የማስላትን ሥርዐት ጻፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ሲስፋፉ፥ ፒየር ሉዊ ሊዮንስ የሽዋርትስን ዘዴ በአዲስ መልክ አብራራ። ስለዚህ «ይህ ዘዴ ለታላላቅ መሣሪያዎች ባለቤቶች ብቻ ነው» የሚለው አስተያየት ከታሪኩ ጋር አይስማማም።

የመደራረብ ዋጋ በቀላል ስሌት ይታያል። ርዝመቱ 1 የሆነ መስመር ለሁለት ተከፍሎ፥ አንዱ ክፍል ከ0 እስከ 0.6፥ ሁለተኛው ከ0.4 እስከ 1 ቢይዝ፥ ስሕተቱ በየዙሩ ወደ 0.44 እጅ ይቀንሳል፤ ወደ ሺሕኛ እጅ ለማውረድ 9 ዙር ይበቃል። የጋራው ቦታ ከ0.45 እስከ 0.55 ሲሆን 18 ዙር፥ ከ0.49 እስከ 0.51 ሲሆን 87 ዙር ያስፈልጋል። የጋራው ቦታ ጨርሶ ከጠፋ ግን ስሕተቱ ከቶ አይቀንስም። ይህን ትምህርት መጻሕፍቱ ሁሉ በሚገባ ያስተምራሉ።

ሒሳችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1996 ስሚዝ፥ ብየርስታድና ግሮፕ ያሳተሙት መጽሐፍ ለአሠራር፥ በ2005 ቶዜሊና ዊድሉንድ ያሳተሙት ደግሞ ለማስረጃ የሚመሰገኑ ናቸው። በተለይም ሁለተኛው፥ የምድሩ ጠባይ ከክፍል ወደ ክፍል እጅግ ቢለያይም የስሌቱ ፍጥነት እንደማይበላሽ የሚያሳዩ ታላላቅ ውጤቶችን ይዟል። ነገር ግን የእነዚህ ውጤቶች ቅድመ ሁኔታ፥ ጠባዩ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ እንዳለ ይቆይ የሚል ነው፤ ማለትም የሒሳቡ ወሰን የምድሩን ወሰን ተከትሎ ይቈረጥ ማለት ነው። ተማሪ ውጤቱን ይዞ ቅድመ ሁኔታውን ቢረሳ አያስደንቅም።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፥ በጎን በኩል በገደል በታጠረ ስምጥ ውስጥ የተቈረቈረች ከተማ ናት። የቦርከና ወንዝ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በከተማዋ ዳገት ላይ ከገደል እየተናደ የተከማቸ ልቅ አፈርና ድንጋይ በባዛልት አለት ላይ ተጋድሟል፤ የመሬት መንሸራተትም ለነዋሪዎች የታወቀ ሥጋት ነው። የሁለቱ ወሰን ዘወርዋራና ከመሬት በታች የተሰወረ ነው። በተለመደው አሠራር ግን ኮምፒዩተሩ ቦታውን የሚቈርጠው ሥራው ለየክፍሉ እኩል እንዲደርስ እንጂ አለቱን አይቶ አይደለም።

ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዓምዶች፥ አንዱ የልቅ አፈር፥ ሌላው የአለት፥ ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው በውስጣቸው ውኃ ያልፋል እንበል፤ አፈሩ ከአለቱ 10 እጥፍ ውኃ አሳላፊ ነው። አንዱ ክፍል በወሰኑ ላይ የውኃውን ከፍታ ተቀብሎ የፍሰቱን መጠን ይሰጣል፤ ሌላው ፍሰቱን ተቀብሎ ከፍታውን ይመልሳል። ሁለቱ ዓምዶች አንድ ዐይነት ቢሆኑ ኖሮ ስሕተቱ ምልክቱን ብቻ እየለወጠ ይመላለስ ነበር፤ መድኀኒቱም አሮጌውንና አዲሱን ከፍታ በእኩል ማማከል ነው። በእኛ ምሳሌ ግን ከፍታውን ተቀባዩ ልቅ አፈሩ ከሆነ ስሕተቱ በየዙሩ 10 እጥፍ ያድጋል፤ እኩል ማማከሉም ቢጨመር 4.5 እጥፍ ያድጋል። ተቀባዩ አለቱ ከሆነ ግን ያለ ማማከል ወደ ዐሥረኛ እጅ ይወርዳል። በመጀመሪያው አቀማመጥ ትክክለኛው ማማከያ ግማሽ ሳይሆን 1/11 ነው፤ ይህም ቍጥር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፈርና ከአለት ምርመራ የሚገኝ ነው።

ለሊቃውንቱ ፍርድ ለመስጠት ያህል፥ ችግሩ አልተዘነጋም። በ2014 ስፒላን፥ ዶሊያንና ባልደረቦቻቸው የምድሩ ጠባይ ከአቈራረጡ ጋር ባይስማማም የሚጸና ዘዴ አሳትመዋል። ይኸውም በየክፍሎቹ መደራረቢያ ላይ ትንንሽ ስሌቶች በመሥራት አስቸጋሪዎቹን የስሕተት ዐይነቶች ለይቶ፥ ክፍሎቹን ሁሉ በሚያገናኝ አንድ ጠቅላላ ስሌት ማጥፋት ነው። ሆኖም ይህ ፈውስ የስሌቱን ፍጥነት ያድናል እንጂ እውነቱን አይፈጥርም። የአለቱ ወሰን በስሕተት ከተመዘገበ፥ ኮምፒዩተሩ በፍጥነት የሚደርሰው ወደ ተሳሳተው መልስ ነው። ዳገት ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል ተብሎ ለሚጠየቅ መሐንዲስ፥ ከቀርፋፋ መልስ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ኀሳብ ቀላል ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህ ትምህርት ሲሰጥ፥ የመጀመሪያው መልመጃ አንድ ዐይነት ጠባይ ያለው ካሬ መሆኑ ይቅርና፥ አፈርና አለት የተገናኙበት ሁለት ዓምድ ይሁን። ለእርሱ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ቀጥሎም የሒሳብና የሥነ ምድር ተማሪዎች ባንድ ካርታ ፊት ቁመው፥ «እዚህ ላይ ለምን ቈረጥህ?» ተብለው ይጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ ዘዴውን ተምሮታል ለማለት ይቻላል።