ለማዞሪያው ገመድ

የስልክ ማዞሪያው ገመድ ከአገልግሎት ሲወጣ እርሙን ያወጣለት የለም። በጥጥ ሹሩባ የተሸፈነ፣ ጫፉ ላይ የነሐስ መሰኪያ ያለው ገመድ ነበር። የወረዳ ከተሞቻችን መርዶና የሠርግ ቀጠሮ፣ የእህል ዋጋና የሆስፒታል ወሬ ስንት ዘመን በእሱ ውስጥ አልፏል። ይህን የምጽፈው ለገመዱ፣ እሱን ይዘው ሲሰኩና ሲነቅሉ ለኖሩት ኦፕሬተሮች፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ጫፉ በተበላ ቁጥር ቆርጠው እየሠሩ ላቆዩት ቴክኒሻኖች ነው።

ማዞሪያው የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥርና ትንሽ የብረት ክዳን አለው። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያዞር ውስጡ ያለው ማግኔቶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያው ኤሌክትሪክ በሽቦው መጥቶ የክዳኗን መያዣ ይለቀዋል። ክዳኗ ቀጭ ብላ ስትወድቅ ኦፕሬተሯ ጠሪው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ከፊቷ ካሉት ጥንድ ገመዶች አንዱን አንሥታ ትሰካና «ማዞሪያ!» ትላለች። የሚፈለገውን ከሰማች በኋላ የጥንዱን ሁለተኛ ገመድ በተጠሪው ቀዳዳ ሰክታ ትደውላለች። ሰዎቹ ሲጨርሱ እጀታው እንደገና ይዞራል፤ ሁለቱንም ትነቅላለች፤ ገመዱም ከጠረጴዛው ሥር በተንጠለጠለው ክብደት ተስቦ ወደ ቦታው ይገባል። ሁለቱን ሰዎች ያገናኛቸው ያ ጥንድ ገመድ ነበር፤ ሌላ ነገር የለም።

ይህ በደጋው ወሎ ምን ማለት እንደነበር አገሩን የሚያውቅ ሰው አይስተውም። ለምሳሌ መካነ ሰላም ከተማ ለመድረስ ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደጋውን ማቋረጥ ያስፈልጋል። በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ አገሩን በገደል ከልለውታል። ክረምት ገብቶ መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ወሬ ከሰው እግር አይቀድምም ነበር። በእንዲህ ያለ አገር አንዲት ቃል በሽቦ ገደሉን ተሻግራ ስትመጣ የቤተሰብ ጉዳይ ትሆናለች። ቤቱ ስልክ የሌለው ሰው መጥሪያ ይደርሰዋል፤ በተባለው ሰዓት ነጠላውን አጣፍቶ ቴሌ ደጃፍ ይቀመጣል። መስመሩ ከከተማ ወደ ከተማ በየማዞሪያው እየተለመነ ነው የሚገኘው። «እማማ፣ አብሽሩ፤ ደሴ ተይዞ ነው፣ አሁን ይለቀቃል» የምትል ኦፕሬተር ሥራዋ ገመድ መሰካት ብቻ አልነበረም። መርዶን ከባለቤቱ ቀድማ ትሰማለች፤ ሰምታም ዝም ትላለች። ስንቱን የከተማ ምስጢር ይዘው አፈር የገቡ አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነበር። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ሥራው ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አገኘ። ይህ ታሪክ በየበዓሉ ይነገራል፤ የገመዱ ጉዳይ ግን ሲነሣ አልሰማሁም።

ገመዱ ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ተራ የመዳብ ሽቦ ቀኑን ሙሉ ሲሰካና ሲነቀል፣ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቢውል ብዙ ሳይቆይ ይበጠሳል። ስለዚህ የማዞሪያ ገመድ መዳቡ እስኪሳሳ ተዳምጦ በጥጥ ክር ላይ የተጠመጠመ ነው፤ በካባ ላይ የሚጠለፈው የወርቅ ክር የሚሠራው እንዲሁ ነው። መታጠፉን ክሩ ይችለዋል፣ ኤሌክትሪኩን መዳቡ ይወስዳል። የማይችለው አንድ ቦታ አለ፤ የመሰኪያው አንገት። ኦፕሬተሯ በየጊዜው የምትጎትተው እዚያ ላይ ነውና ይበላል። መጀመሪያ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፤ ገመዱን በጣት ነካ ሲያደርጉት ይመጣል፣ ሲለቁት ይጠፋል።

ያኔ ቴክኒሻን ይጠራል። ገመዱ ድሮውኑ ከልኩ ረዝሞ የሚሠራው ለዚህ ቀን ነው። የተበላው ጫፍ ይቆረጣል፣ ሹሩባው ወደ ኋላ ይገፈፋል፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ይለያሉ፣ ከዚያም መሰኪያው ውስጥ በብሎን ይጠብቃሉ። ስታኞ እዚህ አያዋጣም፤ ሙቀቱ ጥጡን ያቃጥለዋል፣ የሳሳውም መዳብ አይተርፍም። መጨረሻ ላይ ሹሩባው ተመልሶ በክር ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጉተታውን የሚሸከመው ሹሩባው እንዲሆን፣ ክሮቹ እንዳይነኩ። በዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም። ያላግባብ የታሰረ ገመድ ተመልሶ የሚበላሽበት ሰዓት ሰው የሚሞትበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ገመዱም በየጥገናው እያጠረ እያጠረ ይሄዳል፤ ከዚህ ወዲያ አይደርስም ሲባል በአዲስ ይተካል።

ይህን ሙያ በሌላ ዓለም የሚፈልጉት ሰዎች አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሠሩት አናሎግ ኮምፒውተሮች የሚታዘዙት በሚሰካ ገመድ ነበር። የሒሳቡ ቀመር የሚጻፈው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ገመድ በመሰካት ነው፤ ገመዱ ከጠፋ ማሽኑ ምንም ማስላት አይችልም። ከእነዚያ መሰኪያዎች አንዳንዶቹ በገበያ ስለማይገኙ ማሽኖቹን ሊያድኑ የተነሡ ሰዎች ከተረፈው ናሙና ልክ እየወሰዱ ምትኩን ይሠራሉ። ይህን ስሰማ በእኛ በኩል ልኩን የሚወስድ ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

በአሜሪካ በሜይን ግዛት ብራያንት ፖንድ በምትባል ትንሽ ከተማ እጀታው የሚዞረው ስልክ በ1983 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሕዝቡ እንዳይወሰድበት ታግሎ ነበር። እኛ ዘንድ ክርክርም አልነበረም። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ገባ፤ ውሎ አድሮ ደጋውም ላይ ደረሰ፤ እናት ልጇን ለማግኘት መጥሪያ መጠበቋ ቀረ። ይህ መልካም ነው፤ ማንም ያንን ጥበቃ አይመኝም። ያጣነው ገመዱን የሚያውቁትን እጆች ነው፤ እነሱን ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው፣ ሲሠሩ ፎቶ ያነሣቸው ማን አለ?

ማዞሪያ ወድቆ የሚያገኝ ሰው ቢኖር አንድ ነገር ልንገረው። የጊታርና የኪቦርድ ጃክ ከማዞሪያው መሰኪያ የመጣ ነው፤ ውፍረቱም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ተመሳስሎብህ ግን በማዞሪያው ቀዳዳ አትሞክረው። የስልኩ መሰኪያ አፍንጫ ቀጠን ያለ ነው፤ የሙዚቃው ሲገባ ውስጥ ያለውን ስፕሪንግ ይከፍተዋል፣ ከዚያ ወዲያ ትክክለኛው መሰኪያ እንኳ ቢመጣ አይነካውም። መጀመሪያ በካሊፐር ለካው፤ ከገመዱም አትቁረጠው፤ አስተሳሰሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።