ጫኖ ላይ መስመር አትጨምሩ

በቅርቡ ፓይተን የጀመረ አንድ ልጅ ካርታውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ጫኖ ለምን ባዶ ሆነ?» አለኝ። ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ እስከ ተራራው ላይ ጨንቻ ያለውን በአንድ ወረቀት አውጥቶታል። ከፍታውን እንዲከፋፍል የፓይተን ሥዕል አውጪ ለሆነው ለማትፕሎትሊብ ስለተወለት ኮንቱሩ፣ ማለትም የእኩል ከፍታ መስመሩ፣ በየ250 ሜትሩ ወድቋል። ሐይቁ 1,170 ሜትር ግድም፣ ጨንቻ 2,700 ገደማ፤ ከሐይቁ አጠገብ ያለው የጫኖ ሜዳ ከታችኛው መስመር ሥር ሰምጦ ቀርቷል። የመስመሮቹን ልዩነት ራስህ ጻፍ አልኩት። 1 ሜትር ብሎ ጻፈ። ተራራው ድፍን ጥቁር ሆነ፤ ሜዳው ትል የበላው ቅጠል መሰለ።

የዘመኑ መድኃኒት ማለስለስ ነው። ከፍታውን በጋውስ ማጣሪያ ያሳልፉታል፤ መስመሩ ይለዝባል፣ ካርታው ያምራል። እኔን ግን ያናድደኛል። የከፍታው ቁጥሮች የመጡት ኢንዴቨር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. በ11 ቀን በረራ በራዳር ከለካችው ነው። ሥራው ድንቅ ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን ነጥብ ከነጥብ 30 ሜትር ያህል ይራራቃል፤ ከፍታው የተመዘገበው በሙሉ ሜትር ነው፤ ሲታቀድ የተፈቀደለት ስህተት እስከ 16 ሜትር ነበር። ዛፍ ወይም ሙዝ ባለበት ደግሞ ራዳሩ ከአፈሩ በፊት ቅጠሉን ያገኛል። የሐሬ ወንዝን ውሃ ወደ ማሳ ለሚወስድ ቦይ በኪሎ ሜትር 1 ሜትር መውረድ ይበቃዋል። ይህን ከእንዲህ ዓይነት ቁጥር ማን ያወጣዋል? ማለስለስ የቅጠሉን ከፍታ ከአጠገቡ አፈር ጋር ያቀላቅላል እንጂ አዲስ ልኬት አይጨምርም።

ስለዚህ እንደ ድሮው የ1 ለ50,000 ካርታ በየ20 ሜትሩ አወጣለሁ። ሜዳው ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን። አንድ ባልደረባዬ «ባዶ ካርታ ማን ይገዛል?» ይለኛል። አይግዛ!

ግትርነቴ ከሙያው ብቻ የመጣ አይደለም። ልጅ ሆኜ ወደ ዶርዜ ሽቅብ ስንወጣ ዳገቱን የማውቀው በጉልበቴ ነበር። ዛሬ ኮንቱሮቹ ተጠባብቀው ሳይ እናቴ ጭነቷን አውርዳ የምታርፍበትን ቦታ በጣቴ አሳያለሁ፤ እዚያ ላይ ኮዱ አይዋሽም። ሜዳውን ግን የሚያውቀው አባቴ ነበር። ውሃ ለቅቆ ወዴት እንደሚያዘነብል ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ቦዩን ይቀይሳል። በስክሪን የወጣ የ1 ሜትር መስመር ይዤ ብሄድ ኖሮ ሳቅ እንኳ አይበቃውም ነበር።

ልጁ አሁን ሌቭልና ስታፍ የሚባሉትን የከፍታ መለኪያዎች ተውሶ ከቦዩ ዳር ነጥብ እየለካ ነው። ለቅሞ ሲጨርስ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ያውጣው፤ ያኔ አልከራከረውም።