ፎቶ የተነሣ ዕውቀት

ድሮ የቡና ቤት ክርክር ሲከር «እስቲ መጽሐፉን አምጣ!» ይባል ነበር። መጽሐፉ አይመጣም፤ ክርክሩ ይቀጥላል። ዛሬ ሞባይል ከኪስ ይወጣና «ይኸው፣ ዊኪፔዲያ ላይ አለ!» ተብሎ ስልኩ በጠረጴዛው ዙሪያ ይዞራል። አዳማም ሞጆም ባቱም ነገሩ ያው ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን ስልኩ ላይ ያለው ዊኪፔዲያ አይደለም። የዊኪፔዲያ ፎቶ ነው፤ ልጆቹ «ስክሪንሹት» የሚሉት። ማን ላከው? አንድ ግሩፕ ላይ ነበር። መቼ? እንጃ!

ምን ልዩነት አለው ትሉ ይሆናል። እንዲያው የነፋሱን ነገር እንውሰድ። አዳማ አጠገብ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ተርባይኖች ያላየ መንገደኛ የለም። አቅማቸው ስንት ነው ሲባል አንዱ 51 ሜጋዋት የሚል ፎቶ ያወጣል፤ ሌላው 153 የሚል። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! 51ዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ ነው፤ 34 ተርባይኖች አሉት። 153ቱ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ነው፤ 102 ተርባይኖች። ድምሩ 204 ሜጋዋት። ይህን ለማወቅ ገጹን ትንሽ ወደ ታች መግፋት ይበቃ ነበር፤ ፎቶ ግን ወደ ታች አይገፋም።

የወንጂው ደግሞ ይብሳል። ፋብሪካው ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ነው የሚል አለ፤ በ1954 ነው የሚልም አለ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ግን ሁለት ጊዜ አልጀመረም። አንዱ በኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያወራው። ፎቶው ሲቆረጥ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ቀርታ ስምንት ዓመት ይዛ ጠፋች።

በስኳርና በነፋስ የተጣላ ሰው ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ይታረቃል። በከተማ ስም የተጣላ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታረቅም። በዚህ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱ እያልን ነው የምንሄደው፤ ሁሉም ስም ወገን አለው። ከተማይቱን ናዝሬት ያሏት አፄ ኃይለ ሥላሴ መሆናቸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ አዳማ መመለሷም እውነት ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ሁለቱም ነገር ተከታትሎ ተጽፏል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አንደኛው ዐረፍተ ነገር በአንዱ ግሩፕ፣ ሁለተኛው በሌላው ግሩፕ፣ ያውም ከስድብ ጋር ይዞራል። ገጹ ሳያጣላን መቀሱ አጣላን።

(በእንግሊዝኛው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ያለው መጣጥፍ 15 ሺህ ገደማ ነው፤ የአፋን ኦሮሞው ከዚያም እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ማስረጃው በፈረንጅ አፍ ይመጣል፤ ከተመልካቹም ስንቱ አንብቦት ነው? የዊኪፔዲያን ምልክት ካየ ይበቃዋል።)

ነገሩ በሞባይል የመጣ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼ ከመጽሐፍ የሚፈልጉትን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ ያስነሡ ነበር። የርዕሱን ገጽ ግን አያስነሡም፤ ሳንቲም ለማትረፍ። ከዓመት በኋላ ወረቀቱ አለ፣ ደራሲው የለም። «አንድ ምሁር እንዳሉት» እየተባለ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፋል። ማንኛው ምሁር ብላችሁ ብትጠይቁ አንገት ይደፋል። ያቺ የተተወችው የርዕስ ገጽ ናት ዛሬ ሊንክ የምትባለው።

የቀደሙት ሊቃውንት በዚህ አይታሙም። የግዕዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ጨረሱበት፤ ደስታ ተክለ ወልድ ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ማን ከማን እንደተቀበለ ይታወቃል። መጽሐፉ ዛሬ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ሲዞር አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ደስታዬ የሚቆየው ግን አንድ ገጽ ተቆርጦ «ሊቃውንቱ እንዲህ ይላሉ» ተብሎ እስኪላክልኝ ነው። ሦስቱም ስም የለም!

አስቀማጮቹንስ? ያገኙትን ሁሉ ቡክማርክ ያደርጋሉ፤ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ይከታሉ። «በኋላ አነበዋለሁ» ነው መልሳቸው። ስልኩ ሞልቶ «ቦታ የለኝም» ሲል መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው፤ የሠርጉ ቪዲዮማ አይነካም።

ለፎቶ አንሺው ግን ጥብቅና ልቁምለት። ሊንክ ሲከፈት ዳታ ይበላል፣ ኔትወርክም ይጠፋል፤ ፎቶ ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራ አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው ሊንክ ቢልኩለት ምን ያደርግለታል? እሺ፣ ይነሣ። ሲነሣ ግን አድራሻው ከሚታይበት ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ይነሣ፤ ከሥሩም ቀኑ ይጻፍበት፤ ከቻሉ ሊንኩም ይከተል። ይህ ተጨማሪ ካርድ አያስሞላም። ዊኪፔዲያ የተደረገውን እርማት ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ መዝግቦ ያኖራል፤ ለእያንዳንዱ ቅጂም የማይለወጥ ቋሚ አድራሻ አለው። እሱን ከላካችሁ ገጹ ነገ አሥር ጊዜ ቢታረም እንኳ፣ ወዳጃችሁ ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ ከፍቶ የሚያየው እናንተ ዛሬ ያያችሁትኑ ነው።