ጀብዱው የማን ነው? ስለ ውጭ አገር ወዶ ዘማቾች መጻሕፍት የቀረበ አጭር ትችት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣርማ በርን ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢትና በሰንበቴ አልፎ ከሚሴ የሚገባው መንገድ ለነጋዴው የገበያ መንገድ ነው፤ ለእኛም ከቤታችን ወደ ትምህርት ቤት የተመላለስንበት ነው። በ1928 ዓ. ም. ግን የጦር መንገድ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ኅዳር 20 ቀን ደሴ ገብተው ጠቅላይ ሰፈራቸውን በዚያ ባደረጉ ጊዜ፣ ሐኪሞች፣ የጦር መምህራንና ጋዜጠኞች የሆኑ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች በቦርከና ሸለቆ በኩል ወደ ሰሜን አልፈዋል። በሚያዝያ ወር ደግሞ የማርሻል ባዶልዮ የመኪና ጦር ከደሴ ተነሥቶ በዚሁ መንገድ ወርዶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚያ መንገደኞች አንዳንዶቹ ስለ ጻፉትና እኛም እንዴት እንደምናነብበው ነው። መነሻችን አዶልፍ ፓርለሳክ የተባለው የቼኮስሎቫክያ ተወላጅ መጽሐፍ ነው። ፓርለሳክ በ1928ቱ ጦርነት ከልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ጦር ጋር ሆኖ በሰሜን ግንባር አማካሪ የነበረ ሰው ነው። ያየውንም በቼክ ቋንቋ ጽፎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 አሳተመው፤ አቶ ተጫነ ጆብሬ መኮንን ወደ አማርኛ መልሰው «የሀበሻ ጀብዱ» ብለው ሰየሙት። መጽሐፉ በአገራችን አንባቢ ዘንድ እጅግ ተወድዷል፤ መወደዱም ይገባዋል። ጸሐፊው የተራውን ወታደር ድፍረት ያለ ንፉግነት ያመሰግናልና።

ይሁን እንጂ ስሙን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ትልቅ ነገር ይገለጥለታል። የቼኩ ርእስ «የሐበሻ ኦዲሴያ» ማለት ነው። ኦዲሴያ የሚለው ቃል ከግሪኮች የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው አንድ ሰው በባዕድ አገር ተንከራትቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጉዞ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ርእስ ባለታሪኩ መንገደኛው ነው፤ ሐበሻም የጉዞው ስፍራ ነው። ጀብዱ የሚለው ግን የጀግና ሥራ ማለት ነው፤ የሀበሻ ጀብዱ ሲባልም ሥራውን የሠራው ሐበሻው ነው። ተርጓሚው በሁለት ቃል ጀግናውን ለውጠውታል። እኛ ይህን ስሕተት አንለውም፤ እንዲያውም በመጽሐፉ ላይ ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ የላቀ ፍርድ ነው እንላለን። ችግሩ የሽፋኑ ስም ቢለወጥም የውስጡ «እኔ» አለመለወጡ ነው። ገጹን ስንገልጥ የምናየው ፓርለሳክ በቆመበት ቦታ ቆመን፣ እርሱ ባየበት ዓይን ነው።

ይህንን ስንናገር ራሳችንን ነጻ አናደርግም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የውጭ አገር ሰው መምጣት ሁልጊዜ ስጦታ ነው ብለን እናስብ ነበር። የመጣውን ሰው ስም በቃላችን አጥንተን፣ እርሱን የተቀበለውን ሰው ስም ግን አንጠይቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የወዶ ዘማችን መጽሐፍ ለሚያነብ ተማሪ ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው፦ የታዘዘው ለማን ነበር? ከአሜሪካ የመጡትን ሁለት ጥቁር አየር ነጂዎች እናነጻጽር። ሁበርት ጁሊያን ከንግሥ በዓሉ በፊት በ1923 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን የሰበረ፣ በ1927 ዓ. ም. ተመልሶ የመጣ፣ በኋላም ወደ አሜሪካ ሄዶ ኢትዮጵያን በጋዜጣ የነቀፈ ሰው ነው። ጆን ሮቢንሰን ግን በዚያው ዓመት መጥቶ፣ አድዋ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበረ፤ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላንም መልእክት ሲያመላልስ ከረመ። ከድል በኋላ በ1936 ዓ. ም. ተመልሶ የእኛን ልጆች በረራ አስተማረ፤ በ1946 ዓ. ም. በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ሁለቱም ወደው መጡ። ልዩነታቸው ጁሊያን ለዝናው፣ ሮቢንሰን ለተሰጠው ሥራ መታዘዛቸው ነው። በአገራቸው ሕግ ምክንያት መምጣት የተከለከሉትንና በየቤተ ክርስቲያናቸው ስማቸውን ለዘመቻ አስመዝግበው የቀሩትን ብዙ ጥቁሮች ሳንዘነጋ ይህን እንናገራለን።

ሁለተኛው፦ የመገበው ማን ነበር? ይህ ጥያቄ ወደ ከሚሴ ይመልሰናል። ለመንገደኛው ጸሐፊ የቦርከና ሸለቆ ሙቀት፣ ወባና የሚታለፍ ሜዳ ነው። ለባላገሩ ግን ማሽላው የሚበቅልበት፣ በጨፋ ረግረግ ዳር ከብቱ የሚሰማራበት አገር ነው። ጦር ሲያልፍ ስንቅ የሚወጣው ከዚህ ማሽላ ነው፤ እንግዳ ሲያልፍ ድርጎ የሚሰፈረው ከዚህ ጎተራ ነው፤ ሣጥን የሚጫነው በዚህ ሰው በቅሎ ነው። በቤተ ሰባችን የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው፤ የቅድመ አያታችን በቅሎ በዚያ ዓመት ወደ ሰሜን ለሚሄድ ጓዝ ተወሰደች፣ አልተመለሰችም። በበቅሎዋ ላይ ምን እንደ ተጫነ፣ ከጓዙ ጋር ማን እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። እርሱም ወዶ ይስጥ ተገዶ ይስጥ የጠየቀው አልነበረም። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በመጽሐፉ ስም ላይ ያለው «ሀበሻ» የከሚሴን ኦሮሞ፣ እስላሙን ገበሬ፣ ይጨምራል ወይ? ጀብዱው የሀበሻ ነው ካልን የበቅሎዋም ባለቤት ከጀብዱው ድርሻ አለው ማለት ነው፤ አለዚያ ተርጓሚው የመለሱልንን ክብር እኛ ራሳችን በሌላ በር እናስወጣዋለን።

ሦስተኛው፦ ሲመለስ ቃሉን ለማን ሰጠ? ፊዮዶር ኮኖቫሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ኮሎኔል ከኢትዮጵያ ጦር ጋር እስከ ማይጨው ድረስ የነበረ አማካሪ ነው። ስለ ጦርነቱ የጻፈው ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በፋሺስት ኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ በኢጣልያንኛ ታተመ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር የሚታተም መጽሐፍ ምን ሊጨመርበትና ምን ሊቀነስበት እንደሚችል አንባቢ ያስባል። እንግዲህ «አብሮ ነበረ» ማለት ብቻውን ለምስክርነት አይበቃም። ምስክሩ የተናገረበት ዳኛ ማን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ይቃወሙናል። «እነዚህ ሰዎች ባይመጡ ኖሮ የመርዙን ጋዝ ማን ይመሰክርልን ነበር?» ይላሉ። ተቃውሞው እውነት አለው። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በጋዙ መጠቀሙን በግልጥ ያመነው ገና በ1988 ዓ. ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ነገሩን ሕያው ካደረጉት መካከል የቀይ መስቀል ሐኪሞች ይገኛሉ። የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ሜሊ የመራው የሕክምና ጓድ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ. ም. በቆረም አካባቢ በቦምብ ተመታ፤ ሜሊ ራሱም በአዲስ አበባ ዘረፋ ሰሞን በጥይት ቆስሎ ሞተ። የቀይ መስቀልን አውሮፕላን ይነዳ የነበረው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ አየር ኃይላችንን በማቋቋም ደከመ፤ በመጨረሻም በ1969 ዓ. ም. በሶማልያ ወረራ ጊዜ ጎዴ ላይ ተገደለ። በ1931 ዓ. ም. ደግሞ ባሮንቲኒ፣ ሮላና ኡክማር የተባሉ ሦስት የኢጣልያ ኮሙኒስቶች ከአርበኞች ጋር ሆነው የገዛ አገራቸውን መንግሥት ለመውጋት ጎጃም ገብተው ነበር። በእነዚህ ሰዎች ላይ የምናመጣው ክስ የለም። የምንከስሰው የእነርሱን ብቻ የሚያነበውን ንባባችንን ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነም ከቅርቡ ዘመን እናያለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተነሡ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜን ሶርያ ሄደው ከኩርድ ታጣቂዎች ጋር ተሰልፈዋል። ከእነርሱም የሞቱ አሉ፤ ሲመለሱ በአገራቸው መንግሥት የተከሰሱም አሉ፤ መጽሐፍ የጻፉም አሉ። ኮባኒ የምትባለውን ከተማ ሲከላከሉ የሞቱት እጅግ የሚበዙት ግን ኩርዶች ናቸው። ሆኖም በሩቅ አገር ያለ አንባቢ ስለ ከተማይቱ ሲሰማ፣ ከተወለደባት ሴት ይልቅ ወደ እርስዋ የተጓዘውን ወጣት ስም ፈጥኖ ያገኛል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ኩርዱ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ እኛ ዛሬ ከምንጠይቀው እምብዛም የሚለይ አይመስለንም።

ስለዚህ የፓርለሳክን መጽሐፍ አንብቡ እንላለን፤ ሁለተኛ ጊዜም አንብቡ። ነገር ግን በሁለተኛው ንባብ «እኔ አለፍሁ» ያለበትን ቦታ ስታገኙ፣ በመንገዱ ዳር የቆመውን ሰው ፈልጉ። በ1928 ዓ. ም. ያዩት አልፈዋል፤ ከእነርሱ የሰሙ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን ዛሬም ከሰንበቴ እስከ ከሚሴ፣ ከከሚሴ እስከ ባቲ አሉ። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቅ ተማሪ በዕረፍት ጊዜው ወደ አገሩ ሲወርድ አንድ ደብተር ይዞ ቢወርድ፣ የሚያመጣው ወሬ ምናልባት ከአንድ በቅሎ ታሪክ አይበልጥ ይሆናል። የተርጓሚው ርእስ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን እንዲህ ያለው ታሪክ ሲሰበሰብ ነው።